ሽሮ ሁሉ ሽሮ ነው? «ሁሉም ሰብ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው «ዕድሜህን ሆጊ ስትሞላ የኖርክ ሰው ነህና መልስ ስጥበት» የሚል ማስታወሻ ጨምሮበታል። ዕድሜዬን እንኳ አልጨረስኩበትም። አራት ዓመት ነው፣ ምዕራብ ፊላዴልፊያ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ የሳንዱች ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ። ሆኖም አራት ዓመት ዳቦ ሲሰነጥቅ የኖረ ሰው ስለ ዳቦ ሲወራ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ጽሑፉ አሜሪካኖች ረጅም ዳቦ ሰንጥቀው፣ ሥጋ፣ ቺዝና አትክልት ደርድረው ስለሚበሉት ሳንዱች ነው። የዚህ ሳንዱች ስም እንደ ከተማው ይለያያል። ፊላዴልፊያ ሆጊ፣ ኒው ዮርክ ሂሮ፣ ኮኔቲከትና አካባቢው ግራይንደር፣ ኒው ኦርሊንስ ፖ ቦይ ይባላል። በቀረው አብዛኛው አገር ደግሞ ሰብማሪን፣ ማለትም ባሕር ሰርጓጅ መርከብ፣ በአጭሩ ሰብ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ምግብ ስሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው ከአፍ አልፎ ሆድ አይደርስም ይላሉ። ሁለተኛ፣ የስሞቹ ምንጭ ታውቆ ያደረ ነው ይላሉ። ሆጊ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆግ አይላንድ የመርከብ መሥሪያ ይሠሩ ከነበሩ ጣሊያኖች፣ ሰብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኮኔቲከት ከነበረው የባሕር ሰርጓጆች ጣቢያ፣ ሂሮ ጋይሮ ከሚባለው የግሪኮች የሥጋ ሳንዱች፣ ፖ ቦይ ደግሞ «ፑርቧር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሦስተኛ፣ ሰብ ሌሎቹን አሸንፏል፤ የቀሩት ስሞች የመንደር ግትርነት ናቸው። በመጨረሻም አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በአገሬው ጭቅጭቅ ሳንገባ የትም ብንሆን «ሰብ» ብለን እንድናዝ፣ በአማርኛም ያንኑ እንድንጽፍ ይመክራሉ።

ጽሑፉ ይነበባል፤ ቀልዱም ያስቃል። ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም፤ የማከብራቸው ቢያንስ ስለ ምግብ በአማርኛ ለመጻፍ በመድከማቸው ነው። ነገር ግን ከዋና ዋና ነጥቦቻቸው ጋር አልስማማም። ትልቁ ስሕተት የመጀመሪያው ስለሆነ ብዙውን የምቆየው እሱ ላይ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ቀን አንዲት ሴትዮ መጥታ «ቺዝስቴክ ሆጊ» አለችኝ። ቺዝስቴክ ማለት በስሱ ተቆርጦ በብረት ምጣድ ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ከቀለጠ ቺዝ ጋር፣ በረጅም ዳቦ ነው። የሥጋውን ሳንዱች በ1930 ደቡብ ፊላዴልፊያ ውስጥ የጀመረው ፓት ኦሊቪየሪ እንደሆነ ይነገራል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቺዙ የተጨመረው ኋላ ነው። እኔም የተማርኩትን ሠርቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ገለጥ አድርጋ አየችና መለሰችልኝ። «ይህ ቺዝስቴክ ነው፤ እኔ ያዘዝኩት ቺዝስቴክ ሆጊ ነው» አለች። ግራ ገባኝ። ዳቦው ያው ረጅሙ ዳቦ ነው፣ ሥጋው ያው ሥጋ፣ ቺዙም ያው። ባልደረባዬ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀበለኝና ሰላጣ፣ ቲማቲምና ጥሬ ሽንኩርት ደርቦበት መለሰላት። አመስግናው ሄደች። እኔን ግን አላመሰገነችኝም።

«ሆጊ» ማለት ረጅም ሳንዱች ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴትዮ «ረጅም ሳንዱች የሆነ ረጅም ሳንዱች ስጠኝ» ማለቷ ነበር። እሷ ግን ያለችው ሌላ ነው። በዚያ ከተማ ሆጊ የዳቦውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን የአለባበሱንም ዓይነት ይናገራል። ሰላጣው፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ የሚረጭበት ዘይትና ኦሬጋኖ ሁሉ በስሙ ውስጥ አሉ። ለዚህ ነው ከሌላ ሳንዱች ስም ኋላ ሲገባ እንደ ቅጽል የሚሠራው። በዚያች ሱቅ «ቺዝስቴክ ሰብ» ብትሉ ዳቦው ውስጥ አንድ ቅጠል አይጨመርላችሁም ነበር።

ከፊላዴልፊያ ብዙም ሳትርቁ ኖሪስታውን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ «ዜፕ» የሚባል ሳንዱች ይሸጣል፤ ስሙ ዜፔሊን ከሚባለው ትልቅ የአየር መርከብ የተቆረጠ ነው። ላይ ላዩን ላየው ሰው ሆጊ ይመስላል። ነገር ግን ዜፕ ውስጥ ሰላጣ አይገባም። ሥጋውም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ሳላሚ። ከዚያ ፕሮቮሎኔ ቺዝ፣ ቲማቲም፣ ወፍራም ጥሬ ሽንኩርት፣ ዘይትና የሚያቃጥል ቃሪያ። ማዮኔዝ ያስጨመረ ሰው በአጠገቡ የቆሙት እንዴት እንደሚያዩት በዓይኔ አይቻለሁ። ሆጊና ዜፕ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ተራርቀው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚለያያቸው ሰላጣ ነው። ሰላጣ ትንሽ ነገር ነው ካላችሁኝ፣ ለአንድ ሰው ያላዘዘውን ሰላጣ አቅርባችሁ ሞክሩት።

ጸሐፊው ፒትስበርግን ቢያነሡብኝ ኖሮ ግን ጥሩ መከራከሪያ ያገኙ ነበር። በዚያው በፔንሲልቬኒያ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ፒትስበርግም «ሆጊ» ይላል፤ የዚያኛው ሆጊ ግን ብዙውን ጊዜ ምድጃ ገብቶ፣ ቺዙ ቀልጦ፣ ዳቦው ተጠብሶ ነው የሚቀርበው። አንድ ስም፣ ሁለት ምግብ ማለት ነው። ይህ የእኔን «ሆጊ ማለት እንዲህ ነው» ባይነት ያናጋል፤ አምናለሁ። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለውን ግን ከዚያ የባሰ ያናጋዋል።

ፖ ቦይን ከሰብ ጋር ማጨቁ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። የኒው ኦርሊንስ ዳቦ ቅርፊቱ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ፣ ሆዱ ግን እንደ ጥጥ የቀለለ ነው። ውስጡ እንደ ሽሪምፕና ኦይስተር ያለ የተጠበሰ የባሕር ምግብ ወይም መረቁ ዳቦውን አርሶ በጣቶች መሐል እስኪንጠባጠብ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ይገባል። አስተናጋጇ «ይልበስ?» ብላ ትጠይቃለች። ይልበስ ማለት ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ የተኮመጠጠ ኪያርና ማዮኔዝ ይጨመርበት ማለት ነው። ያን ጥያቄ ፊላዴልፊያ ብትጠይቁ ሰው ልብሱን ነው የሚመለከተው።

ዳቦውም ቢሆን ታሪክ አለው። ቤኒ እና ክሎቪስ ማርቲን የሚባሉ ወንድማማቾች በ1929 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ቀድሞ የጎዳና ባቡር ሠራተኞች ነበሩ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የባቡሩ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ወንድማማቾቹ ለአድመኞቹ ማኅበር አባላት ምግብ በነጻ እናቀርባለን ብለው ቃል ገቡ። የሚበላው ሰው ሲበዛ የተለመደው የፈረንሳይ ዳቦ አስቸገራቸው፤ ጫፍና ጫፉ የሾለ ስለሆነ ሲቆራርጡት የዳርና የመሐል ድርሻ እኩል አይሆንም። ጆን ጀንዱሳ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርዱ እኩል የሆነ ዳቦ ጋገረላቸው። ያን ዳቦ የትም ብትቆርጡት ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ለአድመኛ የተጋገረ፣ ለማካፈል ሲባል ቅርጹ የተለወጠ ዳቦ ነው እንግዲህ «ያው ሰብ ነው» የተባለው።

ግራይንደር ላይ አልቆይም። በብዙ የኮኔቲከት ሱቆች ምድጃ የገባ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ ሳንዱች ነው። ስሙ «ፈጪ» ወይም «መፍጫ» ማለት ሲሆን፣ ጥርስን ስለሚያሠራ ነው የሚለው አባባል ከሌሎቹ ይልቅ ልብ ያስጠጋኛል። እርግጥ በዚህ እኛ አድልዎ አለብን፤ በመክብብ መጽሐፍ መጨረሻ እርጅና ሲገለጽ ሥራ የሚፈቱት ፈጪዎች ጥርሶች ናቸው ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን።

አሁን የማምነውን ልመን። ኒው ዮርክ ውስጥ የጣሊያን ሂሮ የሚባለውንና ቦስተን ውስጥ የጣሊያን ሰብ የሚባለውን ዓይኔን ሸፍናችሁ ብታጎርሱኝ አልለያቸውም። በእነዚህ በሁለቱ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ዌስትቸስተር «ዌጅ» የሚሉት እንኳ ከሂሮ በምን እንደሚለይ ያስረዳኝ የአካባቢው ሰው አላገኘሁም፤ እነሱም ሲጠየቁ ይቆጣሉ እንጂ አያስረዱም። ስለዚህ አንዳንዱ ስም ልዩነት ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም። «ሁሉም» የምትለዋ ቃል ናት ጽሑፉን ያበላሸችው።

ለአበሻ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ፊላዴልፊያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ሽሮ አለ አይደለም? ፈሰስ፣ ተጋቢኖ፣ ቦዘና። አንድ የውጭ አገር ሰው መጥቶ «ሁሉም የአተርና የሽምብራ ዱቄት ወጥ ነው፤ ምን ሦስት ስም አስፈለጋችሁ? ‘ሽሮ’ ብቻ በሉ» ቢለን ምን እንለዋለን? ረቡዕ ቀን ጾመኛ ሆኖ ምግብ ቤት ገብቶ «ሽሮ» ብቻ ብሎ አዝዞ፣ ሥጋ ጣል ጣል ያለበት ቦዘና ሲመጣለት ፊቱን እናየው ነበር። ስም ለምግብ ቤት ሰው ትእዛዝ ነው። ከመሶቡ አልፎ ምጣዱ ድረስ ይሄዳል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጸሐፊው የስሞቹን ምንጭ ሲናገሩ አንዴም «ይባላል» አላሉም። «የተረጋገጠ» ነው ያሉት። የቃል ታሪክ ሲጠና ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ተረቱ ይጣፍጣል ወይ ሳይሆን ቃሉ መቼ ታየ የሚለው ነው።

ሆግ አይላንድ እውነተኛ ቦታ ነው። ደላዌር ወንዝ ዳር በ1917 ግንባታው የተጀመረ፣ 50 መርከቦችን ጎን ለጎን ማነጽ የሚችል፣ በዘመኑ ከዓለም ታላላቆች የሚቆጠር የመርከብ መሥሪያ ነበር። 122 መርከቦች ወጥተውበታል። ዛሬ ቦታው የፊላዴልፊያ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችንን የምንቀበለው እዚያ ላይ ቆመን ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ችግሩ መሥሪያው በ1921 መዘጋቱ ነው። ሆጊ የሚለው ቃል ግን በሱቅ ስምና በስልክ ማውጫ ጎልቶ የሚታየው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ነው። ሠራተኞቹ ስሙን ይዘውት ወጥተው ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዓመት ማን ደበቀው?

ከዚህ ይልቅ ቀኑ የሚገጥምለት ሌላ ሰው አለ። አል ዴ ፓልማ ይባላል፤ ሙዚቀኛ የነበረና በ1930ዎቹ አጋማሽ ደቡብ ፊላዴልፊያ ውስጥ የሳንዱች ሱቅ የከፈተ። እሱ ሲተርክ፣ ሰዎች ያን የሚያህል ሳንዱች ሲያነሡ አይቶ ይህን ለመብላትስ ዐሳማ መሆን ያስፈልጋል ብሎ አሰበ፤ ሆግ በእንግሊዝኛ ዐሳማ ነው። ሱቁ ላይ የጻፈውም ከዐሳማው ስም በቀጥታ በተወሰደ አጻጻፍ ነበር። የዛሬው አጻጻፍ የመጣው ቆይቶ፣ የከተማው ሰው አነጋገር ድምፁን ከሳበው በኋላ ነው። ዴ ፓልማ ስለ ራሱ የተናገረውን ሁሉ ማመን የለብንም፤ ነጋዴ ነው። ነገር ግን ከቀኑ ጋር አይጋጭም፤ የደሴቲቱ ታሪክ ይጋጫል። እኔ ደግሞ ለግሌ የዴ ፓልማን የምወድበት ምክንያት አለኝ፤ «ሆጊ»ን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሆዳሜ» ይሆናል፤ ከፊደሉ እንኳ ብዙ አይርቅም።

የሰብ ታሪክም በዚያው ሚዛን ይወድቃል። ጸሐፊው የነገሩን፣ ኒው ለንደን ውስጥ ሱቅ የነበረው ቤኔዴቶ ካፓልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማዶ ግሮተን ላለው የባሕር ሰርጓጆች ጣቢያ በቀን 500 ሳንዱች ይልክ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ የሚለውን ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ በ1940 መጀመሪያ በወጣ የዊልሚንግተን፣ ደላዌር የስልክ ማውጫ ላይ «ሰብማሪን ሳንዱች» በማስታወቂያ ታትሟል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው በታኅሣሥ 1941 ነው። ደላዌር ያለ ሱቅ ኮኔቲከት ገና ያልተፈጠረን ስም እንዴት ተበደረ? ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ የግሮተን ጣቢያ ራሱ ከጦርነቱ በፊት ብዙ ዓመት የኖረ ነውና ስሙ በሌላ መንገድ ከዚያ ሰፈር አልወጣም ብዬ አልምልም። የፈረሰው በጦርነቱ ጊዜ ነው የሚለው ነው። ደግሞስ ዳቦውን ማየት አይበቃም? ጠይም፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ የተነፋ። ባሕር ሰርጓጅ በጋዜጣ ያየ ሰው ሁሉ፣ የትም ከተማ ይሁን፣ ያን ስም ለብቻው ሊያወጣለት ይችላል። ቶርፒዶ እና ዜፔሊን የሚሉ ስሞችም የወጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ሂሮ ከጋይሮ መጣ የሚለውን በሁለት መስመር ልለፈው። ሂሮ የሚለው ስም ኒው ዮርክ ውስጥ በ1930ዎቹ ነበረ። የግሪኮቹ ጋይሮ አሜሪካ ውስጥ የታወቀው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ልጅ አባቱን አይወልድም። ጸሐፊው ከዚህ ይልቅ የሚታወቀውን ሌላውን ታሪክ፣ የጋዜጣ የምግብ ጸሐፊ የነበሩት ክሌመንታይን ፓድልፎርድ «ይህን ለመጨረስ ጀግና መሆን ይጠይቃል» ስላሉ ነው (ሂሮ በእንግሊዝኛ ጀግና ማለት ነው) የሚለውን ቢያነሡ ቢያንስ ዘመኑ ይገጥምላቸው ነበር። እሱም ቢሆን አጥጋቢ ማስረጃ የለውም።

ፖ ቦይ ከ«ፑርቧር» መጣ የሚለው ግን ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም ፑርቧር ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ጉርሻ ነው። በአማርኛ ጉርሻ የአፍም የእጅም ነው፤ ለሳንዱች ከዚህ የተሻለ ስም የት ይገኛል! ያሳዝናል፣ እውነት አይመስልም። ማርቲኖች ራሳቸው የሚሉት፣ አንድ አድመኛ ወደ ምግብ ቤቱ ሲመጣ ባዩት ቁጥር «ይኸው ሌላ ምስኪን ልጅ መጣ» ይባባሉ ነበር ነው፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ምስኪን ልጅ ማለት ነው። ለአድመኞቹ የጻፉት ደብዳቤም አለ። አንድ የማምነው ነገር አለ፤ በዚያ ከተማ ኦይስተር በዳቦ መብላት ከማርቲኖች በፊት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመንም የታወቀ ነው። ወንድማማቾቹ ሳንዱቹን አልፈጠሩትም።

እንዲህ ስል የአገሬ ሰው «አንተስ ምን አገባህ፣ ተረት ያምራል» ሊለኝ ይችላል። ያምራል። እኛም የራሳችን አለን። ቡናን ያገኘው ካልዲ የሚባል የፍየል እረኛ ነው ብለን ለእንግዳ ሁሉ እንተርካለን፣ ሱቅ እንሰይማለን፣ ሥዕል እንሰቅላለን። ተረቱን በጽሑፍ ካወጡት ቀደምቶች አንዱ የሆነው የፋውስቶስ ናይሮን ጽሑፍ በ1671 ሮም ሲታተም ግን እረኛው ስም አልነበረውም። ካልዲ የተባለው በኋላ ነው። ቡናው ከከፋ ጫካ መሆኑን ይህ አያስቀርም፤ ሆጊም ከፊላዴልፊያ መሆኑን የሆግ አይላንድ መውደቅ አያስቀርም። ስሙን አምጥቶ ቀኑ ያልገጠመለትን ታሪክ «የተረጋገጠ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ሰብ አሸንፏል የሚለው። በቁጥር ከሆነ አልከራከርም። የቋንቋ ምሁሩ በርት ቮ በሃርቫርድ ሳሉ በመሩት፣ በ2003 ውጤቱ በወጣ የአነጋገር ጥናት ላይ መልስ ከሰጡት ከአራቱ ሦስቱ ያህል «ሰብ» ብለዋል። ሆጊ ከመቶ ሰባት ያህል ነው ያገኘው። ጸሐፊው ይህን ቁጥር መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። የጥናቱን ጥያቄ ግን አልነገሩንም። ጥያቄው በግምት «ቀዝቃዛ ሥጋ፣ ሰላጣና የመሳሰለው ያለበትን ረጅም ሳንዱች ምን ትሉታላችሁ?» የሚል ነው። ቀዝቃዛ ሥጋና ሰላጣ! ከምድጃ የሚወጣው ግራይንደርና የተጠበሰ ኦይስተር የተሞላው ፖ ቦይ ገና በጥያቄው ከበር ተመልሰዋል። የአምባሻን ስም እየፈለግን «ድስት ውስጥ የሚበስለውን ምን ትሉታላችሁ?» ብለን እንደመጠየቅ ነው።

ለማሸነፉም ምክንያቱ ምን እንደሆነ እንወቅ። በ1965 ብሪጅፖርት፣ ኮኔቲከት ውስጥ ፍሬድ ዴሉካ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ከፒተር በክ 1,000 ዶላር ተበድሮ አንድ ሱቅ ከፈተ። በመጀመሪያ ስሙ «የፒት ሱፐር ሰብማሪኖች» ነበር፤ ኋላ ሰብዌይ ሆነ። ዛሬ በብዙ አገር ቅርንጫፍ አለው። ልብ በሉ፣ ኮኔቲከት የግራይንደር አገር ነው። ወጣቱ በሱቁ ሰሌዳ ላይ የጎረቤቶቹን ቃል ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጸሐፊው «ሁሉም ግራይንደር ነው» ብለው ይጽፉልን ነበር። አንድ ሱቅ ሲያድግ ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ስሙ ትክክል ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። ለዚያማ፣ ይኸው ኩባንያ ዳቦ ብሎ የሚሸጠውን የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት ከመቶ አሥር ስለሆነ ለቀረጥ ሕጉ «ዳቦ» አይባልም ብሏል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከመቶ ሁለት ነው። በስም ጉዳይ ሰብዌይን ዳኛ ማድረግ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ስሞቹስ እየሞቱ ነው? ዋዋ የሚባለው የፔንሲልቬኒያ ሱቅ በ2012 ፍሎሪዳ ሲገባ «ሆጊ» የሚለውን ቃል አብሮ ይዞ ገባ። ፊላዴልፊያ በ1992፣ ኤድ ሬንደል ከንቲባ ሳሉ፣ ሆጊን የከተማዋ ይፋዊ ሳንዱች ብላለች። ጸሐፊው ይህን ግትርነት ይሉታል። የሸንጎ ሥራ መፍታት ነው ቢሉኝ እስቅ ነበር፤ ግትርነት ግን አይደለም።

የቀረው ለእኛ የሰጡት ምክር ነው። የትም ብንሆን «ሰብ» እንበል ብለዋል። ፊላዴልፊያ ውስጥ ሰብ ያለ ሰው አይራብም፤ ይሰጡታል። ቀና ብለው ከየት እንደመጣ ያዩታል እንጂ። ይህ ትንሽ ዋጋ ነው፤ የሚከፍለው ይክፈል። በአማርኛ «ሰብ» ብለን እንጻፍ የሚለው ግን ለጸሐፊው ያልታያቸው አደጋ አለበት። ሰብ በግእዝ ሰው ማለት ነው። «ሰብአ ሰገል» የምንል ሕዝብ፣ «ዛሬ ለምሳ አንድ ሰብ በላሁ» ብለን ወደ አገር ቤት ብንጽፍ እናቶቻችን ምን ይሉናል?

ቃል በምክር አይገባም፤ በአፍ ነው የሚገባው። ፉርኖን እዩት። በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ የስንዴ ዱቄትና የዳቦ ስም ሆኖ ቀረ። ማንም ኮሚቴ አልተሰበሰበበትም፣ ማንም ሙዚቀኛ እኔ ነኝ ያወጣሁት አላለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ ተሰንጥቆ የተጠበሰ ድንች ከሚያቃጥል ማባያ ጋር ሲጨመርበት «እርጥብ» ይባላል፤ «የድንች ሳንዱች» ብላችሁ የምታዙት ሻጩ ይገባዋል፣ ግን እንግዳ መሆናችሁን ያውቃል። በእኛ ሱቅ አንድ ቀን ሳላስበው ኮምጣጤውን «አቼቶ» ብዬ ስጠራ የሱቁ ባለቤት ቢላዋውን አስቀምጦ «አያቴ እንዲህ ነበር የሚለው» አለኝ። እሱ የጣሊያን ስደተኛ የልጅ ልጅ ነው፤ እኔ ቃሉን ያገኘሁት ከእናቴ ጓዳ ነው።

በዚያው ሱቅ ለእኛም የሚሆን ስም ወጥቶ ነበር። ታክሲ የሚነዱ ያገራችን ልጆች ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ ትእዛዙ ረጅም ነበር፤ ሥጋ አይግባ፣ ቺዝ አይግባ፣ ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት አይግባ፣ ዘይትና አቼቶ ይብዛ፣ የሚያቃጥለው ቃሪያ እጥፍ ይሁን፣ ቢላዋው ይታጠብ። ያቺን ሴትዮ ያስደሰተልኝ ባልደረባዬ፣ ተወልዶ ያደገው ደቡብ ፊላዴልፊያ ነው፣ ይህን ሁሉ በየቀኑ መጻፍ ሰለቸው። አንድ ሳምንት ጠብቆ «ይሄ ቀኑ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጾም ሆጊ» ብቻ እየጻፈ ወደ እኔ ይገፋልኝ ነበር። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚል አልጨመረበትም። እሱማ ሆጊ ነው።